አስቀድሞ የሚጠፋው መብራት

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ መንገድ ለመሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ስንቁ ነው። የጥንቱ መንገደኛ በሶውን በአቅማዳ፣ ዳቦ ቆሎውን በከረጢት፣ ውሃውን በቅል አድርጎ ሲነሣ፣ መንገዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ አብረውት የሚጓዙት ስንት ነፍስ እንደሆኑ፣ ገበያ የሚገኝበትና የማይገኝበት ስፍራ የትኛው እንደሆነ በልቡ ቈጥሮ ጨርሶ ነበር። ቈጠራውን የዘነጋ እንደሆነ የሚራበው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ተከትሎት የወጣው ሁሉ አብሮት ይራባል። ከዚህም የተነሣ ስንቅ ማሰናዳት የማጀት ሥራ ነው ተብሎ የሚናቅ አልነበረም፤ የሰው ማስተዋሉ፣ ለባልንጀራው ማሰቡና ልኩን ማወቁ የሚመዘንበት ሥራ ነበር።

በዘመናችን ኤሌክትሪክም ከስንቅ ተቈጥሯል። አንድ አሮጌ አውቶቡስ ወንበሮቹ ተነቅለው ተንቀሳቃሽ ሕክምና ቤት፣ ወይም ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም የእጅ ሥራ ቤት እንዲሆን ቢታሰብ፣ ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ርቆ በሚቆምበት ስፍራ ሁሉ ኀይሉን ከፀሐይና ከሞተሩ እየሰበሰበ፣ በባትሪ አከማችቶ ይዞት መሄድ አለበት። ይህን የሚያሰላው መሐንዲስ ወይም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነውና ነገሩ የቍጥር ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን በውስጡ አንድ የቈየ የግብረ ገብ ጥያቄ ተቀምጧል። ይኸውም፦ ያለው ነገር ለሁሉ የማይበቃ በሆነ ጊዜ የማን መብራት ይብራ፣ የማንስ ይጥፋ? ይህንንስ ማን፣ መቼ፣ በምን ሚዛን ይፈርዳል? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከምኒልክ አደባባይ የሚሻል መቆሚያ በአዲስ አበባ አይገኝም። በአንድ ወገን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ በመካከል በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ፈረሰኛ ሐውልት፣ በአቅራቢያውም በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይታያሉ። የዓድዋን ታሪክ ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በ1888 ዓ.ም. ሁለቱ ሠራዊቶች ፊት ለፊት ተፋጥጠው በቈዩበት ጊዜ እንደ ጥይቱ ሁሉ ያስጨነቃቸው ስንቅ ነበር። በሁለቱም ሰፈር እህሉ እያለቀ ሄዶ ነበርና ጦርነቱ ከዚያ በላይ እንዳይዘገይ ካስገደዱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የስንቅ ማለቅ ሆነ። እንግዲህ ስንቅን መቍጠር ከታላላቅ ነገሮች በታች የሚቀመጥ ትንሽ ነገር አለመሆኑን አደባባዩ ራሱ ይመሰክራል።

ስለ ኤሌክትሪክም ቢሆን ይህ ሰፈር የሚለን ነገር አለው። በከተማችን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መብራት በ1890 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ የበራው በጄኔሬተር ነበር። በዚያን ጊዜ ከተማውን የሚያዳርስ መስመር አልነበረምና፣ ዛሬ ከመስመር ውጭ መኖር የምንለው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ መጀመሪያችን እርሱ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለንጉሠ ነገሥቱ ባመጣ ጊዜም፣ በየመንገዱ ቆሞ የሚጠብቅ የነዳጅ ማደያ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መስመሩ ተዘረጋ፤ ግድቡም ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር አንደኛው መስመር ከቃሊቲ ተነሥቶ በምኒልክ አደባባይ ከምድር በታች እንዲያበቃ ሆኖ ታነጸ። ይህ ባቡር ኀይሉን የሚያገኘው በላዩ ከተዘረጋው ሽቦ ነው፤ ሽቦው ባለቀበት እርሱም ያልቃል፤ በሽቦው ውስጥ ኀይል በታጣ ጊዜም ባለበት ይቆማል። ከአደባባዩ ወደ ሰሜን በአዲሱ ገበያ አድርጎ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ግን ይቀጥላል። ጥያቄያችን የሚነሣው ሽቦው አብቅቶ መንገዱ ከሚቀጥልበት ከዚህ ስፍራ ነው።

አንዳንድ ሰው፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ስለ ባትሪና ስለ ትንሽ መብራት መጨነቅ ምን ያስፈልጋል? ይል ይሆናል። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም እንዲኖረው ሆኖ መሠራቱ ለአገር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የኀይል መኖርና የኀይል መድረስ ሁለት ነገሮች ናቸው። ከምሰሶው በብዙ ኪሎ ሜትር ርቃ የምትወልድ እናት ከግድቡ የምታገኘው ኩራቱን እንጂ መብራቱን አይደለም። መስመሩ እስኪደርስላት ድረስ ሐኪሙና መብራቱ በመኪና ተጭነው ወደ እርሷ መሄድ አለባቸው። ስለዚህ እንደ ምሳሌ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ወስደን ተንቀሳቃሽ ሕክምና ቤት እናድርገው። በከተማችን የአገልግሎት ዘመናቸውን የፈጸሙ አውቶቡሶች የዳቦ መሸጫ ሆነው ቆመው አይተናልና አሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም።

ዐቃጁ አስቀድሞ ባትሪ ለመግዛት ወደ ገበያ የሮጠ እንደሆነ ሥራው ከመጀመሪያው ተበላሸ። የመጀመሪያው ሥራ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥ ነው። አንድ ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ የሚበላው ኀይል አንድ ዋት ሰዓት ይባላል፤ ሒሳቡ ሁሉ የሚሠራው በዚህ መስፈሪያ ነው። የክትባት ማቀዝቀዣው በቀን ወደ 500 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መጠበቅ አለበትና ይህ ሌሊትም ቀንም አይቋረጥም። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ 6 አምፖሎች 5 ሰዓት ቢበሩ 150፤ የመዝገብ ሥራ የሚሠራበት 50 ዋት ኮምፒዩተር ለ4 ሰዓት 200፤ ፅንስ የሚታይበት ትንሽ የአልትራሳውንድ መሣሪያ 150፤ ለስልክና ለሬዲዮ 100፤ ለማራገቢያ 100። ድምሩ 1,200 ዋት ሰዓት ይሆናል። በሽቦና በኢንቨርተር ውስጥ በሙቀት መልክ የሚባክነው ሲጨመርበት በቀን ወደ 1,400 ይደርሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ ፀሐይ ባትወጣስ? የሚል ነው። ክረምታችንን የሚያውቅ ዐቃጅ ቢያንስ የሁለት ቀን ስንቅ ይይዛል፤ ይህም 2,800 ዋት ሰዓት ነው። ከጥንት የሚታወቀው፣ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ፣ ዕድሜው እንዳያጥር ከያዘው ግማሹን ብቻ ቢሰጥ ይመረጣል። ስለዚህ 5,600 ዋት ሰዓት መያዝ ይኖርበታል፤ ይህም እያንዳንዳቸው 100 አምፔር ሰዓት የሚይዙ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አምስት መሆናቸው ነው። አንዱ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናልና ክብደቱ 150 ኪሎ ይሆናል። በአዲሱ የሊቲየምና የብረት ፎስፌት ባትሪ ከሆነ ግን ከያዘው አምስት እጁ አራቱን ለመጠቀም ስለሚቻል ሦስቱ ይበቃሉ፤ ክብደታቸውም በጠቅላላው አርባ ኪሎ ቢደርስ ነው። ዋጋው ይከብዳል፤ ዕድሜው ግን ይረዝማል። የአዲስ አበባ ሰማይ በበጋ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል፣ በክረምት ደግሞ ወደ አራት ሰዓት የሚቈጠር ሙሉ የፀሐይ ኀይል ስለሚሰጥ፣ በጣራው ላይ የሚዘረጉት የፀሐይ ሰሌዳዎች በክረምቱ ልክ ተሰፍረው 500 ዋት ያህል ይሁኑ። መኪናው ሲጓዝ የሞተሩ ዲናሞ ያግዛል። ጄኔሬተርን በተመለከተ፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ያለ አየር መጭመቂያ የሚሠራ ሞተር ከኀይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን ኀይል አምኖ መንገድ መውጣት አይገባም። በመጨረሻም በባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባ፤ ሽቦውም ይወፍር። በ12 ቮልት 1,000 ዋት ለማግኘት ከ80 አምፔር በላይ በሽቦው ውስጥ ያልፋልና፣ በቀጭን ሽቦ የሚቈጥብ ሰው የሚቈጥበው ገንዘብ ሳይሆን ለእሳት የሚሆን ማገዶ ነው።

እስከዚህ ያለው የባለሙያው ሒሳብ ነው። አሁን ወደ ሒሳቡ ውስጥ እንመልከት።

ይህን ዝርዝር የጻፈ ሰው ምናልባት በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍላጎቱን አንድ በአንድ በስሙ ጠርቶ፣ ለእያንዳንዱም ልክ ሰጥቶ በወረቀት ላይ አይቶታል። በከተማ ስንኖር ይህን አናደርግም። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል፤ «መብራት ሄደ» «መብራት መጣ» እንላለን እንጂ «መብራት ጨረስሁ» አንልም። መብራትን ሲፈልግ የሚመጣ ሲያኰርፍ የሚሄድ እንግዳ አድርገነዋል። በመኪናው ውስጥ ያለ ሰው ግን እንዲህ ሊል አይችልም። የጠፋው መብራት ወዴትም አልሄደም፤ ትናንት ማታ ያለ ጉዳይ ሲበራ ባደረው አምፖል፣ ማንም በማይሰማው ሬዲዮ ውስጥ አልቋል። ልክ ያለው ነገር ሰውን ባለ ዕዳ ያደርገዋል፤ ማመካኛ ያሳጣዋል። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው የአባቶች ምክር በባትሪ ፊት የግድ ትእዛዝ ይሆናል።

ነገር ግን ልክን ማወቅ የጥያቄው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሦስት ቀን በተከታታይ ቢዳምንና ባትሪው እያለቀ ቢሄድ ምን ይሆናል? ብልህ ዐቃጅ ይህን ቀን አስቀድሞ ያስበዋል። የባትሪው ኀይል ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ አንዳንዱን ዕቃ በራሱ የሚቈርጥ መሣሪያ አለ። መሣሪያው አድልዎ አያውቅም፤ ሐኪሙንና ሹፌሩን፣ አለቃውንና ዘበኛውን አይለይም። የሚያውቀው የተሰጠውን ተራ ብቻ ነው። ተራውን የሰጠው ግን ሰው ነው። ስለዚህ በጨለማው ሰዓት መሣሪያው ቈረጠው ብሎ መናገር፣ ደብዳቤውን የጻፈው ብዕሩ ነው እንደ ማለት ያህል ነው።

ተራውን የመስጠት ሥራ መደረግ ያለበት በብርሃን ነው፤ ብርሃን ስል የቀኑን ብርሃን ብቻ ሳይሆን ሁሉም በረጋ ልቡና ተቀምጦ የሚመካከርበትን ጊዜ ማለቴ ነው። በጨለማ ውስጥ፣ አንዱ ማቀዝቀዣው ይቈየን፣ አንዱ ስልኬ ይሙላልኝ እያለ በሚጯጯህበት ሰዓት፣ የሚፈርደው ፍትሕ ሳይሆን ጉልበት ነው። አስቀድሞ የተወሰነ እንደሆነ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ የማዋለጃው መብራትና የክትባቱ ማቀዝቀዣ እስከ መጨረሻው ይኑሩ፤ የመዝገቡ ሥራ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ በወረቀት ይቀጥል፤ ማራገቢያው አስቀድሞ ይጥፋ።

በዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ ይኸውም ሰው የራሱን ምቾት ሁልጊዜ በአስፈላጊ ነገር ስም የሚያስመዘግብ መሆኑ ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው አለቃው እንደሆነ የአለቃው ኮምፒዩተር ከሁሉ በፊት ይሰፍራል። ሹፌሩ ያዘጋጀው እንደሆነ ሬዲዮው ይቀድማል። ስልክ ራሱ ሁለት መልክ አለው፤ ለጨዋታ ሲሆን ምቾት ነው፤ ደም የሚፈሳትን እናት ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ አምቡላንስ ሲጠራበት ግን ከማቀዝቀዣውም ይቀድማል። ስለዚህ ዕቃውን በስሙ ብቻ መመዘን አይበቃም፤ ለማን፣ በምን ሰዓት፣ ለምን እንደሚያገለግል መመዘን ያሻል። ዝርዝሩም በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሊጻፍ አይገባውም። ከሚጠፋበት ሰው ጋር ሳይመክር የሚያጠፋ ሰው፣ ቈጠራው ትክክል ቢሆንም እንኳ ፍርዱ ጎደሎ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ፣ ይህ ሁሉ የድኻ ጭንቀት ነው፤ መስመሩ በደረሰበት ከተማ እንዲህ ያለ መፈራረድ የለም፣ ሥልጣኔ ማለትም አምፖልን ከመቍጠር መገላገል ነው ይለን ይሆናል። ክርክሩ ከፊሉ እውነት ነው፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዋት ሲቈጥር እንዲኖር የሚመኝ የለም። ሆኖም መስመሩ ልኩን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የተጠራቀመው ውሃ ስላነሰ በመላው አገር ኤሌክትሪክ በፈረቃ እንዲታደል በተደረገ ጊዜ፣ መላ አገራችን አንድ ትልቅ መኪና፣ ግድቡም ባትሪው መሆኑን ሁላችን ተረድተናል። በዚያን ጊዜም የማን መብራት በየትኛው ሰዓት እንደሚጠፋ የወሰነ ዝርዝር ነበረ። በመኪናው ውስጥ ዝርዝሩ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሁሉም ያነበዋል፤ በከተማው ግን ብዙዎቻችን ዝርዝር መኖሩን የምናስታውሰው ተራው ሲደርሰን ብቻ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ ግን አለ። በዝርዝራችን ውስጥ ሆን ብለን ያልጻፍነው አንድ ዕቃ አለና፤ እርሱም የእንጀራ ምጣድ ነው። በየቤታችን የሚገኘው የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢጋገርበት ሕክምና ቤቱ በሁለት ቀን ተኩል የሚፈልገውን ኀይል ይጨርሳል። በ12 ቮልት ሽቦ ላይ ቢታሰር ወደ 290 አምፔር ይስባል። ማንኛውም ዐቃጅ ምጣድ የሚለውን ቃል ሲያይ ፈገግ ብሎ ይሰርዘዋል። በቍጥሩ ልክ ነው። የመኪናው ባልደረቦች ግን ምሳ መብላታቸው አይቀርም፤ የሚበሉትም እንጀራ ነው። ያ እንጀራ በአንዲት ሴት ምጣድ ላይ፣ በአንዲት ሴት በተሸከመችው ማገዶ ይጋገራል።

እንግዲህ ከዝርዝር የተሰረዘ ፍላጎት አይሞትም፤ ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ይሻገራል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ሁሉ በዚህ ቃል ይጠቀለላል። ለዚህም ማስረጃ ከአደባባዩ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። አዲስ አበባ ራሷ በማገዶ እጥረት ምክንያት ልትተውና መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበረ ታሪክ ይነግረናል። ከተማይቱን ያጸናት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። ቢሆንም ባሕር ዛፉ በእግሩ ከእንጦጦ ወርዶ ወደ ምድጃው አልገባም። ለብዙ ዘመን እንጨቱን ጐንበስ ብለው፣ ከሠላሳ ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቍልቍለቱን ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ከተማይቱ የቆመችው በዛፉና በእነርሱ ጀርባ ላይ ነው። በየትኛውም የከተማ ዕቅድ ውስጥ ግን ያ ጀርባ በኀይል ምንጭነት ተጽፎ አይገኝም።

ማነጻጸሪያው ግልጽ ነው። አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪና አንድ የእንጦጦ ሴት ሸክም በክብደት ተቀራራቢ ናቸው። ባትሪው ከያዘው ግማሹን ማለትም 600 ዋት ሰዓት ቢሰጥ፣ ምጣዱን ሊያግል የሚችለው ለዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው። በሸክሙ ውስጥ ያለው ሙቀት ግን፣ አብዛኛው በሦስት ጉልቻ መካከል በጭስና በነፋስ ቢባክንም፣ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ይበቃል። ስለዚህ ባትሪ ይምጣና ሴትዮዋን ከሸክም ያውጣት ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ቍጥሩ ግን አይፈቅድም። ሐቀኛ ዐቃጅ ይህን ሊደብቅ አይገባውም። ምጣዱን ከመኪናው ዝርዝር ሲሰርዝ ከጎኑ፣ ይህ ሸክም በእገሊት ጀርባ ላይ ዐርፏል ብሎ ይጻፍ። ከዚያም የሚቀለውን መንገድ ይፈልግ፤ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላልና መኪናው በደረሰበት መንደር አንዱን ተክሎ ይለፍ፤ ለእንጀራውም ዋጋ በአግባቡ ይክፈል። መፍትሔው ሙሉ አይደለም፤ ነገር ግን ዕዳን ማወቅ ዕዳን ለመክፈል መጀመሪያ ነው።

ይህ ነገር ከአንዲት መኪና አልፎ አገርን ይመለከታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ለመላው ሕዝብ ኤሌክትሪክ እንዲደርስ፣ ከመቶ 65 እጁ ከዋናው መስመር፣ 35 እጁ ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆነ ኀይል እንዲያገኝ ዐቅዶ ነበር። ዘመኑ ቢያልፍም ግቡ ገና አልተፈጸመም። ለመራራቃቸው መስመሩ ቶሎ ሊደርስላቸው ለማይችል መንደሮች የፀሐይ ኀይል መታሰቡ ብልህነት ነው፤ ኵራዝ በሚነድበት ቤት አንድ አምፖልና የስልክ መሙያ መግባቱ ትልቅ ለውጥ ነው። ተማሪው ያነባል፤ እናቲቱም ከጋዝ ጭስ ትድናለች። ይሁን እንጂ ከመስመር ውጭ ላለው ቤት አምፖል ይበቃዋል ብለን መዝገቡን በምንዘጋበት ጊዜ፣ በዚያ ቤት ምጣዱን ሰርዘናል ማለት ነው። ሰርዘን ካበቃንም በኋላ ማገዶ ለቃሚዋን የመጠነኛ ኑሮ ምሳሌ አድርገን እናመሰግናት ይሆናል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ልክን ማወቅ ታላቅ ምግባር የሚሆነው ሰው በራሱ ላይ ሲያውለው ነው። ጠግቦ ያደረ ሰው ለራበው ሰው ስለ ጾም ጥቅም ቢሰብክለት ቃሉ እውነት ሆኖ ሳለ ስብከቱ ግፍ ይሆናል። በከተማ ምጣዱንም ማጠቢያውንም በአንድ ጊዜ የሚያስነሣ ሰው፣ ለገጠሩ ሰው አምስት ዋት ይበቃሃል ለማለት የሚያስችለው ሥልጣን ከየት መጣለት? የመኪናው ዐቃጅ በራሱ ማራገቢያ ላይ መፍረድ ይችላል፤ ማራገቢያው የእርሱ ነውና። በሌላው ምጣድ ላይ ግን ከባለቤቲቱ ጋር ሳይመክር ሊፈርድ አይችልም። ቍጥሩ አይበቃም ብሎ እውነቱን መናገር አንድ ነገር ነው፤ አያስፈልግሽም ብሎ መፍረድ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሐቅ ነው፤ ሁለተኛው ትዕቢት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የዕጥረትን ቃል ለመናገር ስናፍር የትዕቢቱን ቃል እንናገራለን።

ደግሞም ባትሪውን ጭኖ ከመስመር የተለየ ሰው ማንንም አልፈልግም፣ ራሴን ችያለሁ ብሎ እንዳይመካ። ሊቲየሙ ከአውስትራሊያ ወይም ከቺሌ ምድር ተቈፍሮ ይሆናል። ስለ ሊቲየም ባትሪ ሦስት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት የብዙ ዓመት ድካማቸው ተቈጥሮ ነው። ባትሪው በሩቅ አገር ፋብሪካ ተሠርቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በጅቡቲ መንገድ ወደ ከተማችን ደርሷል። ሽቦውን ያሰረለትም የሰፈሩ ኤሌክትሪሲያን ነው። በጣራው ላይ የምታርፈው ፀሐይ ብቻ ናት ያለ ሰው እጅ የመጣችው። ራስን መቻል ማለት ከሰው መቈረጥ ማለት ከሆነ በዓለም ላይ ራሱን የቻለ የለም። በእውነተኛው ትርጓሜው ግን ራስን መቻል ማለት የማንን ድካም እየተጠቀምሁ እንደምኖር ማወቅና ከሚገባኝ በላይ አለመውሰድ ነው። ይህ ከሆነ በመስመር ላይ ያለውም ከመስመር ውጭ ያለውም ሰው ራሱን ሊችል ይችላል።

እንግዲህ ዕቅድ የሚያወጣ ሁሉ፣ ዕቅዱ ለአንዲት መኪናም ይሁን ለአንድ ወረዳ፣ ሦስት ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ። የፈለግሁት ነገር ልኩ ስንት ነው? ባጠረ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው የትኛው ነው፣ ይህንንስ ከእነማን ጋር መከርሁበት? የሰረዝሁት ነገር በማን ትከሻ ላይ ዐረፈ? የመጀመሪያውን ጥያቄ መሐንዲሱ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ሹሙና ባልደረቦቹ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ይመልሱታል። ሦስተኛውን ግን ወረቀቱን አጥፎ በእግሩ ሄዶ፣ ሸክም የተሸከመውን ሰው ካላነጋገረ በቀር ማንም ሊመልሰው አይችልም።

መምህራንም ይህን ሒሳብ ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩት መልካም ነው። ተማሪው የቤቱን አምፖልና ምጣድ ቈጥሮ፣ ዋቱን በሰዓት አባዝቶ፣ ድምሩን ይጻፍ። ከዚያም ከኀይሉ ግማሹ ቢቀርብህ የትኛውን ታጠፋለህ፣ የሚጠፋበትስ ማን ነው? ተብሎ ይጠየቅ። በዚያች አንዲት ገጽ ላይ ሒሳብም፣ ሳይንስም፣ ግብረ ገብም ተሰብስበው ይገኛሉ። ልጁ እናቱ ከምጣዱ አጠገብ ስንት ሰዓት እንደምትቆም በዚያች ገጽ ላይ ሊያነብ ይችላል፤ ያን ያነበበ ልጅ ነገ ሹም በሆነ ጊዜ ዝርዝር ሲቀርብለት፣ ከተጻፈው ዕቃ ይልቅ የተሰረዘውን አስቀድሞ ይጠይቃል።